ከቆሻሻ የሚጠመቀው ፌስታል፤ ትርፉ ከየትኛው ጋን ነው?

ሰሞኑን መርካቶ ውስጥ ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ጅምላ ነጋዴ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ሰውየው አባቴን በቅርብ የሚያውቁ፣ እኔንም እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» እያሉ የሚጠሩኝ ናቸው። ሻይ አስመጡልኝና ከመሳቢያቸው አንድ አረንጓዴ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «እስቲ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ትላለህ፤ ይኼ ነገር ያዋጣል?» አሉኝ። ፌስታሉን ያመጣላቸው ደላላ «ይኼ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከምግብ ትርፍራፊ በባክቴሪያ የሚሠራ ነው፤ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ወኪልነቱን ቶሎ ካልያዙት ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሏቸዋል። ሌላ ሰው ደግሞ ከዚያም አልፎ ፋብሪካውን እዚሁ እንትከል፣ ቆሻሻ እንደሆነ ሞልቷል፣ አክሲዮን እንሽጥ እያለ ያግባባቸዋል።

ጋሼ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ከናሙናዎቹ አንዱን ክረምት ሲገባ ግቢያቸው ውስጥ አፈር ሥር ቀብረውት ኖሯል። ክረምቱ ሲወጣ ቆፍረው ቢያወጡት ፌስታሉ ከነጽሑፉ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ እየተቆራረሰ ተገኘ። «ይበሰብሳል» የሚለው ጽሑፍ ጭምር አልበሰበሰም። ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውታል፤ እኔንም አሳይተውኛል።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፌስታልን ነገር የሚዘጋውን አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ በጅምላውም በችርቻሮውም ዘንድ የሚሰማው «በምን እንተካው?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ ሳለ ስሱ ፌስታል በየጉሊቱና በየአጥሩ ሽቦ ላይ ሲወዛወዝ መኖሩን አንባቢ ያውቀዋል። አሁን ግን ጎረቤቶቻችንም ቆርጠዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 የፌስታልን በር ዘግተዋል። ስለዚህ ተተኪውን ይዞ የሚመጣ ሁሉ ጆሮ ያገኛል። ጆሮ ያገኘ ደግሞ ቀጥሎ ኪስ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በገበያው ላይ «የሚበሰብስ» ተብሎ የሚቀርበው ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም። የጋሼ ናሙና በሁኔታው ሲታይ ተራው ፖሊኢትሊን ሆኖ ትንሽ የብረት ጨው የተጨመረበት፣ ኦክሶ የሚሉት ዓይነት ይመስላል። ይህ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይሰባበራል እንጂ አፈር አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነቱን ከገበያው አስወጥቶታል። እዚያ የተባረረ ዕቃ ሌላ ገበያ ቢፈልግ አያስደንቅም፤ ዋጋው ረከስ ብሎ ሲመጣም ለምን እንደረከሰ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከበቆሎ ስታርች ጋር የተደባለቀው፣ ወይም ከበቆሎ ስኳር በሚገኝ የላክቲክ አሲድ የተሠራው ነው። እርሱ የምር ይበሰብሳል። ይሁንና ከላክቲክ አሲድ የተሠራው ብዙውን ጊዜ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ የኮምፖስት ማብላያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ማብላያ በሌለበት ከተማ መንገድ ላይ ቢጣል ከተራው ፕላስቲክ እምብዛም አይሻልም። ሦስተኛውና ደላላው በአፉ የሚጠራው፣ በእጁ ግን ያልያዘው፣ ባክቴሪያ ራሱ በሆዱ ውስጥ የሚሠራው ፕላስቲክ ነው። ሳይንቲስቶቹ በአጭሩ ፒኤችኤ ይሉታል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እርሱ ነው።

አሠራሩ ጠላ ጠምቃ ለምታውቅ እናት እንግዳ አይደለም። ሰው ሲጠግብ ሞራ እንደሚያበዛ ሁሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ምግብ ሲተርፋቸው በሆዳቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ስብ መሳይ ነገር አለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1926 የለየው ሞሪስ ለምዋኝ የተባለ ፈረንሳዊ የፓስተር ተቋም ተመራማሪ ነው። ለባክቴሪያው እንደ ስኳር፣ ዘይት ወይም አሲድ ያለውን ጉልበት ሰጪ ምግብ አብዝተው ይሰጡትና ለመራባት የሚያስፈልገውን ናይትሮጂን ወይም ፎስፈረስ ይነፍጉታል። መውለድ ስላልቻለ ያከማቻል። በደህና አያያዝ ከደረቅ ክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ይኸው ክምችት ሊሆን ይችላል። ከሆዱ ተለይቶ ሲወጣ ነጭ ዱቄት ነው። ቀልጦና ተጣርቶ እንደ ስንዴ ፍሬ ሲሆን ደግሞ የፕላስቲክ ማሽን ውስጥ ይገባል።

ከቆሻሻ ሲነሱ ጋኑ ሁለት ይሆናል። በመጀመሪያው ጋን የአትክልትና የምግብ ትርፍራፊው አየር ሳያገኝ ይብላላና ወደ ኮምጣጤ አሲድና ወደ መሰሎቹ ይለወጣል። እንጀራ ሲቦካ የሚሸተን መኮምጠጥ የዚህ ዘመድ ነው። እዚያው ብዙ ከቆየ ወደ ጋዝ ስለሚያልፍ በጊዜ መቅዳት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ጋን የቀዱትን ጎምዛዛ ውሃ አየር እየነፉ ለባክቴሪያዎቹ ያቀርቡላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ማጥገብ፣ አንድ ጊዜ ማስራብ ነው። ረሃቡን የሚችሉት ሲጠግቡ ማከማቸት የሚችሉት ብቻ ስለሆኑ ሌሎቹ እየከሰሙ እነርሱ ይበዛሉ። ለዚህ ንጹሕ የባክቴሪያ ዘርና በእንፋሎት የተቀቀለ ጋን አያስፈልግም። የሥራው ርካሽነት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አስቸጋሪው ነገር ምግባቸው ሲዘገይ ያከማቹትን መልሰው መብላታቸው ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝበት ዋና ገንዘቡን እንደሚበላ ነጋዴ ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ አየር መንፊያው ከቆመ፣ ወይም የቆሻሻው መኪና በመንገድ ከዘገየ፣ የማታው ሥራ ጠዋት የለም።

ዕቃው ግን ዕቃ ነው። የፋብሪካ ሙቀት ሳይጠይቅ በአፈርም በባሕር ውሃም ይበሰብሳል፤ ባክቴሪያ የሠራውን ባክቴሪያ ይበላዋልና። ተራው ዓይነት ቶሎ የሚሰበር ደረቅ ነው። ባክቴሪያው የሚመገበው የአሲድ ዓይነት ሲለወጥ ግን ለስለስ ያለ ይወጣል። ከቆሻሻ የተነሣው ሥራ የተለያዩ አሲዶችን በራሱ ስለሚያመጣ በዚህ በኩል ከስኳር ይልቅ ይመቻል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ተራ ፖሊኢትሊን በዓለም ገበያ ብዙ ጊዜ በኪሎ ከ1 እስከ 1.50 ዶላር ይወጣል። ፒኤችኤ ከ4 ዶላር በታች ማግኘት ይከብዳል። አንድ መካከለኛ ፌስታል 5 ግራም ይመዝናል እንበል። ጥሬ ዕቃው በ1.20 ዶላር ቢገዛ ዋጋው 0.6 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በ5 ዶላር ቢገዛ 2.5 ሳንቲም ይሆናል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 90 ሳንቲም የነበረው ወደ 3 ብር ከ75 ሳንቲም አደገ ማለት ነው። ይህ ማሽኑ፣ መብራቱ፣ ሠራተኛው፣ ግብሩና የቸርቻሪው ትርፍ ሳይጨመር ነው። ሽንኩርት በኪሎ ሲገዛ ፌስታሉ በነጻ ይመረቅልኛል ብሎ የለመደ ሸማች ይህን ይከፍላል ትላላችሁ? እኔ አይመስለኝም።

ዋጋው የከበደው ስለምን እንደሆነ ማወቅ ለኢንቨስተሩ ይጠቅመዋል። ከስኳር ሲሠራ ለአንድ ኪሎ ፒኤችኤ ወደ 3 ኪሎ ስኳር ያስፈልጋል። ስኳር በኪሎ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን የስኳሩ ብቻ 1.20 ዶላር ነው። ተራው ፕላስቲክ ተሠርቶ የሚሸጥበት ዋጋ ላይ ጋኑ ሳይጣድ ተደረሰ ማለት ነው። ዓለም ፊቱን ወደ ቆሻሻ ያዞረው በዚህ ምክንያት እንጂ ለአካባቢ አዝኖ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሥራ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ደግሞ ተራ ሰዎች አልነበሩም። የእንግሊዙ አይሲአይ ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ባዮፖል የተባለውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 በጀርመን የዌላ ሻምፖ በዚህ ዕቃ በተሠራ ጠርሙስ ተሸጠ። ዋጋው ግን ከተራው በብዙ እጥፍ ስለነበር አልገፋም። ንግዱ ወደ ዜኔካ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ሞንሳንቶ ተላለፈ። ሞንሳንቶም ተወው፤ በ2001 ሜታቦሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መብቱን ገዛ። ሜታቦሊክስ ከእህል ንግድ ግዙፉ ኤዲኤም ጋር ተሻርኮ አዮዋ ውስጥ ክሊንተን በምትባል ከተማ በዓመት 50,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ አስተከለ። በቆሎው በደጃፍ፣ ገንዘቡ ከኤዲኤም፣ ዕውቀቱ ከሜታቦሊክስ። ከዚህ የተሻለ ሽርክና ማን ያገኛል? ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በጥር 2012 ኤዲኤም በቃኝ አለ። በመዝገቡ ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። ሜታቦሊክስ የቀረውን የፕላስቲክ ሀብቱን በ2016 ለኮሪያው ሲጄ በ10 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሦስት መቶ ሚሊዮን ካለቀበት በኋላ በአሥር ሚሊዮን! የመጀመሪያው ሳይሆን አምስተኛው ባለቤት መሆን የሚያዋጣበት ንግድ አለ ቢባል ይኸው ነው።

በቅርቡም ቢሆን ታሪኩ አልተለወጠም። ዳኒመር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከካኖላ ዘይት ፒኤችኤ እያመረተ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። በወራት ውስጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ60 ዶላር በላይ ወጣ። በመጋቢት 2025 ኩባንያው የኪሳራ መዝገብ ከፈተ።

ከሁሉም ይልቅ ግን አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው የጣሊያኑን ባዮ-ኦን ነው። ከስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) ከሚገኘው ስኳር ተረፈ ምርት፣ ማለትም ከሞላሰስ፣ ፒኤችኤ እሠራለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚላን ውስጥ ለአነስተኛ ኩባንያዎች በተከፈተው የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ጠቅላላ የገበያ ዋጋው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰ። በ2018 ቦሎኛ አጠገብ ያስመረቀው ፋብሪካ ግን ታስቦ የተሠራው በዓመት ለ1,000 ቶን ብቻ ነበር። አንድ ሺህ ቶን በ5 ዶላር ቢሸጥ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አምስት ሚሊዮን የሚያስገባ ፋብሪካ በቢሊዮን እንዴት ተገመተ? ይህን የጠየቀው በሐምሌ 2019 አንድ የኒውዮርክ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። ባወጣው ሪፖርት፣ የኩባንያው ገቢ አብዛኛው ከፕላስቲክ ሽያጭ ሳይሆን ራሱ ባቋቋማቸው እኅት ድርጅቶች ላይ ከጻፈው የፈቃድ ክፍያ የመጣ፣ ገንዘቡም በእጅ ያልገባ ነው አለ። ኩባንያው ሐሰት ነው ብሎ ተከራከረ። ሆኖም የአክሲዮኑ ዋጋ ተንኮታኮተ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር (እ.ኤ.አ.) የቦሎኛ ፍርድ ቤት መክሰሩን አወጀ።

እኛም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የራሳችን የአክሲዮን ገበያ አለን። ቀድመው የተመዘገቡት ባንኮች ናቸው፤ ነገ ግን «አረንጓዴ» የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ኩባንያ ዝርዝር መግለጫ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መታየት ያለበት የአረንጓዴው ሥዕል ሳይሆን ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ባለፈው ዓመት ስንት ቶን ተመረተ፣ ስንት ቶን ለማይዛመድ ደንበኛ ተሸጠ፣ ከሽያጩ ስንቱ በጥሬ ገንዘብ ባንክ ገባ። ባዮ-ኦን በእነዚህ ሦስቱ ቢመዘን ኖሮ ብዙ የጣሊያን ጡረተኛ ገንዘቡን ባላጣ ነበር።

ታዲያ የቆሙት እነማን ናቸው? የጃፓኑ ካኔካ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመት ምርቱን ወደ 5,000 ቶን አሳደገ፤ ምርቱም የሰቨን-ኢለቨን ሱቆች የቡና መምጠጫ ሆኗል። የኮሪያው ሲጄም በ2022 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 5,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ከፍቷል። ሁለቱ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ እንጀራቸው ፒኤችኤ አይደለም። ሲጄ ለምግብ ማጣፈጫና ለከብት መኖ የሚሆኑ አሚኖ አሲዶችን በማብላላት ሲሸጥ የኖረ ኩባንያ ነው። ጋኑም ሠራተኛውም ገበያውም ነበረው። ፕላስቲኩ ቢዘገይም ቤቱ አይፈርስም። አዲስ ኩባንያ አቋቁሞ፣ አዲስ ጋን ገዝቶ፣ አዲስ ዕቃ በአዲስ ገበያ እሸጣለሁ የሚል ግን አንድ እግሩ ሲንሸራተት የሚደገፍበት ሌላ እግር የለውም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የቆሻሻ ነገር ለዚህች ከተማ ቀልድ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የተከመረው ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። የእኛ ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላይ የምግብና የአትክልት ልጣጭ፣ ማለትም ውሃ ነው። ውሃ ለማቃጠል መጀመሪያ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማብላላት ግን እርጥቡን ይወደዋል። በሐሳብ ደረጃ የሁለቱ ጋን መንገድ ለእኛ ቆሻሻ ከእሳቱ ይልቅ የተመቸ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እስቲ በእርሳስ እንቁጠረው። ከአትክልት ተራና ከምግብ ቤቶች በቀን 100 ቶን እርጥብ ቆሻሻ ተሰበሰበ እንበል። 80 ቶኑ ውሃ ነው። ከቀረው 20 ቶን ሢሶው ቢሳካ ከ6 እስከ 7 ቶን አሲድ ይሆናል። ባክቴሪያው ከሦስቱ አንዱን ቢያስቀምጥ 2 ቶን፤ በማውጣትና በማጽዳት የሚጠፋው ሲቀነስ 1.5 ቶን ፒኤችኤ እጃችን ገባ። በ4 ዶላር ሒሳብ 6,000 ዶላር ነው። ለአንድ ቶን ቆሻሻ 60 ዶላር ደረሰ ማለት ነው። ከዚህ 60 ዶላር ላይ የመኪናው፣ የመልቀሚያው፣ አየር የሚነፋው መብራት፣ ማድረቂያው፣ ማውጫው ኬሚካል፣ የኬሚስቱ ደመወዝ፣ የባንክ ወለዱ ይነሣል። የሚተርፍ ካለ ትርፍ ነው። ደግሞም ከ98 ቶን በላይ ውሃና አተላ ተርፎ ጋኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ እርሱንስ ወዴት? አውሮፓ ያለ ባለ ፋብሪካ ቆሻሻውን ሲረከብ ገንዘብ ይቀበላል። የእኛው ባለ ፋብሪካ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

«ቆሻሻ እኮ በነጻ ነው» የሚለው ወሬ ላይ ደግሞ እጠነቀቃለሁ። በዚህ አገር የሚረባ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። ቆራሌው ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ይዞታል፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከብረት እስከ ጎማ አንዱንም አይጥልም። የቢራ ፋብሪካ አተላ የወተት ላም አርቢው መኖ ነው። ሞላሰሱን ኢታኖልና አልኮል የሚሠሩት እንዲሁም ከብት አድላቢው ይሻሙበታል። የአትክልት ተራ ልጣጭ ዛሬ የማንም ካልሆነ ነገ ፋብሪካ ፈልጎት ሲመጣ ዋጋ ይወጣለታል። ያውም ከፌስታሉ፣ ከጠርሙስ ስባሪውና ከአሸዋው ተለይቶ ካልመጣ ጋኑ ውስጥ አይገባም። መለየቱ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱም ገንዘብ ነው።

ለእኛ የሚመስለኝን አብነት ያየሁት በብራዚል ነው። ሳኦ ፓውሎ ግዛት ሴራና ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ የሙከራ ማምረቻ ተተክሎ ነበር። ፒኤችኤውን ከራሱ ስኳር ያበቅል ነበር፤ እንፋሎቱንና መብራቱን የሸንኮራውን አገዳ ገለባ አቃጥሎ ያገኝ ነበር፤ ፕላስቲኩን ከባክቴሪያው የሚያወጣበትን አልኮል እንኳ የሚያገኘው ከኢታኖሉ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ነበር። ለውጭ ምንዛሪ እጁን የሚዘረጋበት ቦታ ጥቂት ነበር። ያም ሆኖ ለዓመታት በሙከራ ደረጃ መቆየቱን አልደብቅም። እንግዲህ እኛ ፊንጫና መተሐራ ላይ ስኳርም፣ ሞላሰስም፣ ገለባም፣ ኢታኖልም በአንድ አጥር ውስጥ አሉን። ማንም ባለ ካፒታል ይህን ሥራ በኢትዮጵያ የምር ሊሞክረው ከፈለገ ቦታው ኮልፌ ላይ የተከራየው መጋዘን ሳይሆን የስኳር ፋብሪካው አጥር ነው። ለብቻው መሬት፣ ቦይለርና ትራንስፎርመር ከሚገዛ ለስኳር ፋብሪካው የሽርክና ሐሳብ ቢያቀርብ ይሻለዋል።

ደግሞስ ለምን ፌስታል? እኔ በዚህ ነገር ላይ ከሁሉም ሰው የምለየው እዚህ ላይ ነው። ፌስታል ርካሽነቱ ሕይወቱ ነው። ውድ ዕቃ ለርካሽ ሥራ ማዋል ሐር ገዝቶ ጆንያ እንደ መስፋት ይሆናል። መበስበሱ ራሱ ገንዘብ የሚያተርፍበት ቦታ መፈለግ አለበት። ለምሳሌ የችግኝ ላስቲክን እንውሰድ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የሚተከለው ችግኝ ብዙው የሚያድገው በጥቁር ፖሊኢትሊን ላስቲክ ውስጥ ነው። ሲተከል ላስቲኩ መቀደድ አለበት፤ ካልተቀደደ ሥሩ ይታፈናል፤ ተቀዶም ከተጣለ እርሻውና ተራራው ላይ ይቀራል። ላስቲኩ ራሱ የሚበሰብስ ቢሆን ቀዳጅም ለቃሚም አያስፈልግም፤ ሥሩም ሳይነካ ይተከላል። የአበባ እርሻዎችም ከአውሮፓ ገዥዎቻቸው የአካባቢ ጥያቄ እየመጣባቸው ስለሆነ በኪሎ ሁለትና ሦስት ዶላር ጭማሪ ቢጠየቁ ወዲያው በሩን አይዘጉም። የቀዶ ጥገና ክርና የመድኃኒት መሸፈኛ ደግሞ በግራም የሚሸጥ ነው፤ እርሱ ግን ለእኛ ሩቅ ነው።

ጋሼን የመከርኳቸው እንዲህ ነው። ወኪልነቱን ለሚያመጣው ደላላ፣ ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት፣ ጥሬ ዕቃው ከምን እንደተሠራ በስሙ እንዲጽፍ፣ የመበስበስ ምርመራውን ውጤት ከታወቀ ላቦራቶሪ እንዲያቀርብ ይጠይቁት። «ይበሰብሳል» ብቻ የሚል ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ በስንት ቀን፣ በስንት ሙቀት፣ በአፈር ወይስ በማሽን የሚለው መኖር አለበት። ናሙናውንም ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቅርበው በአዲሱ አዋጅ ሥር የተፈቀደ ስለመሆኑ በደብዳቤ ይያዙ። በቃል የተነገረ ፈቃድ ጉምሩክ በር ላይ አይሠራም።

አክሲዮን እንሽጥ የሚሉትን በሚመለከት፣ ገንዘብ ካለ ለመጀመሪያው ጋን ይዋል ብያለሁ። ይህም ለይቶ መሰብሰብ፣ ማብላላት፣ ጋዙን ለምግብ ቤቶችና ለዳቦ ቤቶች መሸጥ፣ ዝቃጩን ኮምፖስት አድርጎ ለአትክልት ገበሬ ማቅረብ ነው። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ኮምፖስት ገዥ አያጣም። ይህ ሥራ ዛሬ ያለ ፒኤችኤ ራሱን ይችላል። ነገ የፒኤችኤ ዋጋ ወርዶ ሁለተኛው ጋን ሲያዋጣ፣ የተለየ ቆሻሻ በእጁ ያለው ሰው ነው ቀድሞ የሚጠራው። በኮሪያና በጃፓን ያየነውም ይኸው ነው፤ ጋኑ ቀድሞ የነበረው ነው ፕላስቲኩን የጨመረው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና አረንጓዴዋን ናሙና አጥፈው ወደ መሳቢያቸው መለሷት። ቀጥለውም «የችግኙን ላስቲክ ነገር ወድጄዋለሁ» አሉ። «ግን ገዥው መንግሥት ነው። በጨረታ ነው የሚገዛው። ጨረታው ላይ በኪሎ ዋጋ ብቻ ከተወዳደርኩ ጥቁሩ ላስቲክ ይረታኛል፤ ይበሰብሳል የሚለው ነጥብ ከሌለው። ደግሞ ካቀረብኩ በኋላ ክፍያው በስንት ወር ይወጣል?» እኔ በሁለት ወር ያነበብኩትን ሁሉ እርሳቸው በአንድ ጥያቄ ከጨረታ ሰነዱ ጋር አገናኙት። በሚቀጥለው ሳምንት የችግኝ ጣቢያዎች ግዥ ክፍል ሄጄ የዘንድሮውን የጨረታ መስፈርት ልጠይቅ ቀጠሮ ይዣለሁ።